ሊቀ አውራጅ ጠሀ እና ዘጠና ጊጋው ጌም

የጋራ ዋይፋይ ያለበት ግቢ ሁሉ አንድ አውራጅ አለው። ውሃ የሌለው ግቢ አይቻለሁ፤ በሩ የማይዘጋ ግቢም አይቻለሁ፤ አውራጅ የሌለው ግን እስካሁን አልገጠመኝም። አውራጅ ማለት ከኢንተርኔት ላይ አንድ ግዙፍ ነገር ሲያወርድ የከረመ፣ አሁንም እያወረደ ያለ፣ ወደፊትም የሚያወርድ ሰው ነው። ቀብር ላይ አንገቱን ደፍቶ ብታዩት ሐዘን እንዳይመስላችሁ። ስልኩ ላይ ፐርሰንቱን እያየ ነው።

የእኛ ግቢ አውራጅ ክቡር ሊቀ አውራጅ ጠሀ ነው። ሀዋሳ ገበያ ውስጥ ጫማ ይሸጣል። አንዲት ደንበኛ የሱቁን ጫማ በሙሉ ለክታ ምንም ሳትገዛ ብትወጣ እንኳ "ችግር የለም፣ ሌላ ቀን ይመችሻል" ብሎ በፈገግታ የሚሸኝ ሰው ነው። ይህ ትዕግሥቱ ግን ከሱቁ ደጃፍ አያልፍም። የግቢያችንን በር ከፍቶ ሲገባ ከሰላምታ በፊት የሚቀድመው "ማነው የነካው?" የሚለው ነው። ምኑን እንደነካን አይነግረንም፤ እኛም አንጠይቀውም። ኢንተርኔቱን ነው።

የሚያወርደው የኳስ ጌም ነው። ዘጠና ጊጋ። መጀመሪያ የሰማሁ ቀን አፌን ከፍቼ ቀረሁ። እኔ ዕድሜ ልኬን የጻፍኳቸው ግጥሞች በሙሉ ቢደመሩ እዚያ ጌም ውስጥ የአንዱን በረኛ የጫማ ክር አያክሉም። ይህን ስነግረው ጠሀ በሐዘኔታ ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ።

"አይዞህ ሔኖኬ፣ አንተም ታድጋለህ።"

የጌሙ ነገር ግን ተራ ነገር እንዳይመስላችሁ። ፍርድ ነው። ጠሀና መክብብ የሚባለው ጓደኛው ተማሪ ሳሉ ሐይቅ ዳር አካባቢ በነበረ ጌም ቤት ሲጫወቱ፣ ሁለት ለሁለት ሆነው ፍጹም ቅጣት ምት ሊመታ ሲል መብራት ሄደ። መቺው ጠሀ ነበር። ጠሀ "ይገባ ነበር" ይላል፤ መክብብ "በረኛዬ ወደዚያው ዘሎ ነበር" ይላል። ጌም ቤቱ ፈርሶ ፋርማሲ ሆነ። መክብብም የጤና ባለሙያ ሆኖ ጂንካ ተመደበ። ክርክሩ ግን አልሞተም፤ በስልክ ሲደዋወሉ ከጤናና ከቤተሰብ ቀጥሎ የሚነሳው እሱ ነው። አሁን መክብብ ቅዳሜ መጥቶ እሑድ ጠዋት ሊመለስ ነው። ጠሀ ያገለገለ ኮምፒውተር የገዛው፣ ዘጠና ጊጋውን የጀመረው ለዚህች ቅዳሜ ነው።

ችግሩ ዋይፋያችን ነው። የሚኖረው አከራያችን ወይዘሮ ሙሉጌጥ ቤት፣ ቡፌው ውስጥ፣ ከብርጭቆዎቹ ጎን ነው፤ ከላዩ ላይ ነጭ ዳንቴል ለብሷል።

"እትዬ፣ ዳንቴሉን ቢያነሱለት እኮ ይተነፍሳል" ይላቸዋል ጠሀ።

"እንግዳ ሲመጣ ራቁቱን ላሳየው?"

እዚህ ላይ ክርክሩ ያበቃል። ኢንተርኔቱ በዳንቴሉ ቀዳዳዎች እየሾለከ፣ ግቢውን አቋርጦ፣ የጠሀን ግድግዳ በስቶ ሲደርስ ደክሞት ነው የሚደርሰው።

ከእኔ ክፍል ቀጥሎ ፍቅርተ አለች፤ ባንክ ነው የምትሠራው። ጠሀ የመስመሩን መቀዝቀዝ ብቻ አይቶ ማን ምን እንደከፈተ የማወቅ ጸጋ አለው።

"ፍቅርተ! ያ የፀጉር ቪዲዮ ይዘጋ!"

"ነገ ሠርግ አለብኝ አንተ! እንዴት እንደሚሠራ ልየው እንጂ!"

"ፀጉርሽ እንዲሁም ያምራል!"

ከግድግዳው ወዲያ ቪዲዮው ተዘጋ። በግጥም ያን ያህል ውጤት አምጥቼ አላውቅም።

ቀስ በቀስ የግቢው ሰላምታ ተለወጠ። "እንዴት አደርክ" ቀረና "ስንት ደረሰ?" መጣ፤ ሆስፒታል የተኛ ዘመድ እንዳለን ሁሉ። የጠሀ መልስ ሁልጊዜ አንድ ነው፦ "ትንሽ ነው የቀረው።" አራት ፐርሰንት ላይ "ትንሽ ነው የቀረው" ብሏል። አርባ ላይም ብሏል።

አንድ እሑድ ትዕግሥቱ አልቆ ኮምፒውተሩን በአንሶላ ጠቅልሎ ባጃጅ ላይ ጫነው። እኔ ስክሪኑን ታቅፌ አጀብኩት። ዋይፋዩ ፈጣን ነው ወደተባለ ሐይቅ ዳር ያለ ሆቴል ሄድን። በረንዳው ላይ ማኪያቶ አዘዘና፣ ያን ሳጥን የሚያህል ነገር ጠረጴዛው ላይ አቁሞ ሶኬት መፈለግ ጀመረ። አስተናጋጁ መጣ።

"ጌታዬ፣ ይሄ ምንድነው?"

"ላፕቶፕ ነው።"

"ይሄ?"

"ትንሽ ወፈር ያለ ላፕቶፕ ነው።"

አስተናጋጁ ሄዶ ከአለቃው ጋር ተመለሰ። እኛም ከወፍራሙ ላፕቶፓችን ጋር ተመለስን። በመንገድ ላይ ሐይቁ ፀሐይ እየጠጣ ያብረቀርቅ ነበር፤ አሳየሁት። "ቆንጆ ነው" አለኝ ሳያይ።

ትልቁ ሐዘን የመጣው ግን ስልሳ አንድ ፐርሰንት ላይ ነው። ከሰዓት በኋላ ሰማዩ ጠቁሮ ነጎድጓድ ጀመረ። ወይዘሮ ሙሉጌጥ መብረቅ ሲጮህ እንደሚያደርጉት ሁሉ ነጠላቸውን ተከናንበው ወጡና የግቢውን መብራት በሙሉ ከቆጣሪው አጠፉ። መብራቱ ሲመለስ ጌሙ ስልሳ አንዱን ረስቶት ነበር። ዜሮ።

ጠሀ ደጃፉ ላይ ቁጭ ብሎ አየሁት። ብዙም ሳይቆይ ወይዘሮ ሙሉጌጥ ቆሎ በሰሃን ይዘው መጡና አጠገቡ ተቀመጡ።

"እግዜር ያጽናህ ልጄ።"

"አሜን እትዬ። የሰጠው ራሱ ወሰደው።"

ገዳይም ለቀስተኛም እሳቸው ነበሩ፤ ቆሎው ግን ጥሩ ነበር፤ እኔም ፍቅርተም ለቅሶ ደረስን። ከዚያች ቀን ጀምሮ ወይዘሮ ሙሉጌጥ ደመና ባዩ ቁጥር "ጠሀዬ፣ ላጥፋ ወይስ አላጥፋ?" ብለው ማስፈቀድ ጀመሩ።

በመጨረሻው ሳምንት እኔም ከሊቁ ጋር ተጣላሁ። ቅዳሜ አስር ሰዓት ላይ የዩኒቨርሲቲ ጓደኞቼ በኢንተርኔት በቀጥታ በሚያስተላልፉት ዝግጅት ግጥሜ ሊነበብ ነው። በሰው አፍ ሲነበብ ሰምቼው አላውቅም። ለግቢው ሁሉ፣ ጣሪያችን ላይ ለሚቆሙት አባ ኮዳ ለሚባሉት ትልልቅ ወፎች ጭምር ተናግሬያለሁ።

"ቅዳሜ አስር ሰዓት ላይ ዋይፋዩ የእኔ ነው" አልኩት።

"ግጥሙ ስንት ጊጋ ነው?"

"ግጥም በጊጋ አይለካም!"

"የማይለካ ነገር ነው እኮ መስመር የሚያጨናንቀው።"

ደግነቱ ቅዳሜ ጠዋት መቶ ሞላ። ወይዘሮ ሙሉጌጥ እልል አሉ። ጠሀ እንደ ሙሽራ ተላጭቶ፣ ከሱቁ አዲስ ጫማ አድርጎ ወጣ። ከምሳ በኋላ መክብብ የአርባ ምንጭ ሙዝ በዘለላው ተሸክሞ ደረሰ። ተቃቅፈው ሲበቃቸው መክብብ "መጀመሪያ ያ ፍጹም ቅጣት ምት ይመታል" አለ። "ይመታል፣ ይገባልም" አለ ጠሀ። ሁላችንም የጠሀ ክፍል ውስጥ ተጨናንቀን ተቀመጥን። ወይዘሮ ሙሉጌጥ አልጋው ላይ ነበሩ። ጌሙ ተከፈተ፤ ሙዚቃው ጮኸ፤ ሜዳው ለምልሞ ታየ።

ከዚያ ሜዳው ላይ አንድ ጽሑፍ ወጣ። ጌሙ አፕዴት ካልተደረገ አያጫውትም። አስራ አንድ ጊጋ።

ሁላችንም ወደ ጠሀ ዞርን።

"አያችሁት?" አለ መክብብ። "ሜዳው ራሱ እኔን ፈርቶ ተዘጋ።"

ጠሀ አልሳቀም። አፉን ከፍቶ "ትንሽ..." አለና ቀሪውን መጨረስ አቃተው። ያን ጊዜ ነው የደነገጥኩት። ያን ሁሉ ጊዜ "ትንሽ ነው የቀረው" ሳይል ሲቀር አይቼው አላውቅም።

አስር ሰዓት ሊሞላ ትንሽ ቀርቶታል። ስልኬን አወጣሁ። ጓደኞቼ "ዝግጁ ነህ?" ብለው ጽፈዋል። አጠፋሁትና ሙዙ አጠገብ አስቀመጥኩት። ፍቅርተ አየችኝ፤ የራሷንም አጠፋች። ወይዘሮ ሙሉጌጥ ከአልጋው ተነስተው ወጡ። ሲመለሱ ዋይፋዩን ዳንቴሉን ገፍፈው፣ እንደ ጨቅላ ታቅፈው፣ ገመዱ እስከፈቀደላቸው ድረስ አምጥተው የጠሀ መስኮት ሥር አስቀመጡት።

"እትዬ፣ እንግዳ እያለ?" አለ ጠሀ።

"መክብብ ምን እንግዳ ነው!"

ጠሀ ወደ እኔ ዞረ። "ግጥምህስ?"

"የግጥሙን መጨረሻ አውቀዋለሁ" አልኩት። "የማላውቀው የዚያን ፍጹም ቅጣት ምት ነው።"

ወንበር አውጥተን ግቢው ውስጥ ተቀመጥን። መክብብ ሙዝ አደለ፤ ፍቅርተ ስለዚያ ስለሄደችበት ሠርግ ማውራት ጀመረች። ከእነዚህ ሰዎች ጋር ከሰዓት በኋላ ሙሉ ስልክ ሳልነካ ተቀምጬ እንደማላውቅ ገረመኝ። አንድ አባ ኮዳ ከጣሪያው ላይ አንገቱን ዘርግቶ የጠሀን መስኮት ያይ ነበር።

አላስቻለኝም። "ስንት ደረሰ?" አልኩ።

ጠሀ ገብቶ አየና ተመለሰ። ፊቱ በርቷል።

"ሁለት ፐርሰንት" አለ። "ትንሽ ነው የቀረው።"

"አሜን" አልን ሁላችንም።