ለማሽተት ያህል

ተክል ሳይቀነጥሱ ማለፍ የማይችሉ ሰዎች ገጥመዋችሁ ያውቃሉ? መምህር ነኝና ነገሩን በቅደም ተከተል ላስረዳ። ቀንጣሽ ሌባ አይደለም። ቅጠሉን ይቀነጥሳል፣ በጣቶቹ ያሸዋል፣ ያሸተዋል፣ ከዚያ ይጥለዋል። ክፋት የሚባል ነገር የለበትም። እኔን የሚያስደነግጠኝም ይኸው ነው።

ባለፈው ቅዳሜ ከትምህርት ቤታችን መምህራን ጋር የቡ ከምትባለው ከተማ አጠገብ ነዋሪዎች ራሳቸው ያቋቋሙትን የዕፅዋት ቦታ ልንጎበኝ ሄድን። ተንከባካቢዋ እትዬ ዘይነባ በእሾህ በታጠረች አንዲት ቁጥቋጦ ፊት አቆሙን።

"ዘሯ ከጫካው ጠፍቶ የቀረችን ይቺ ብቻ ናት ልጆቼ። ስንጠብቃት ኖረን ዘንድሮ አንድ እምቡጥ አወጣች፣ አልሐምዱሊላህ። ካበበች ዘር እናገኛለን።"

የአካባቢ ጥበቃ ክበባችን ሰብሳቢ ጋሼ ደምሴ በአድናቆት ራሳቸውን ነቀነቁ።

"እውነትዎን ነው እትዬ፤ እኛ ካልጠበቅናት ማን ይጠብቃታል?" እያሉ እጃቸውን በአጥሩ ላይ አሻገሩ።

ቀጭ የሚል ድምፅ ሰማሁ። እምቡጡ በጣቶቻቸው መካከል ታሽቶ ወደ አፍንጫቸው ሲሄድ በዓይኔ አየሁ።

እትዬ ዘይነባ በሻርፓቸው አፋቸውን ያዙ።

ጋሼ ደምሴ "ይህን ያህል ሽታም የለው" ብለው ጣሉት። ከዚያም በፍጹም ቅንነት ወደ እትዬ ዘይነባ ዞሩ።

"ዘሩ ሲደርስ እኛንም አይርሱን፤ ለክበባችን ትንሽ ያስቀምጡልን።"