የአባባ ቁልፍና ክብርት እመቤት ኤስቪጂ

ለየቤተሰቡ አንድ ሐኪም ነኝ ባይ፣ አንድ ጠበቃ ነኝ ባይና አንድ «ይሄ አርማ ደብዝዟል» ባይ ሳይታደል አይቀርም። ለእኛ ቤት የደረሰችን የአክስቴ ልጅ ናት። ሥራዋ አርማ መንደፍ ነው። ክብርት እመቤት ኤስቪጂ ብለን ሰይመናታል፤ ሹመቱን ያለ ማቅማማት ተቀብላለች።

ከእሷ ጋር መንገድ መሄድ ጣጣ ነው። የመድኃኒት ቤት ታፔላ ባየች ቁጥር ትቆማለች። «ጠርዙን አየኸው? ደረጃ ደረጃ ሠርቷል እኮ» ትለኛለች። እኔ የማየው መድኃኒት ቤቱ ሊዘጋ መሆኑን ነው። አንዴ የታመመ ወዳጃችንን ልንጠይቅ ሄደን፣ ከበሽተኛው ይልቅ አንሶላው ላይ ለታተመው አርማ አዘነች።

ስብከቷን በቃሌ ይዤዋለሁ። ፎቶ የነጥብ ክምር ነው፤ ሲለጠጥ ነጥቡም አብሮ ይለጠጥና ይደበዝዛል። ኤስቪጂ የሚባለው የሥዕል ፋይል ግን መስመሩ ከየት ተነስቶ የት እንደሚታጠፍ ይናገራል እንጂ ነጥብ አይቆጥርም። ስለዚህ ከሸሚዝ ቁልፍ እስከ ሕንፃ ግድግዳ ብታሰፋው ጥርት እንዳለ ይኖራል። «ነጥብ ይከዳል፣ መስመር አይከዳም» ብላ ትጨርስና አሜን እስክንል ትጠብቃለች።

ዘንድሮ ታላቅ ወንድሜ የሟች አባታችንን የቁልፍ መሥሪያ ሱቅ መልሶ ሊከፍት ተነሳ። ታፔላው ላይ አባባ በእጁ የሣላት ቁልፍ ካልወጣች ሞቼ እገኛለሁ አለ። ሥዕሏ የቀረችው በአባባ የመሣሪያ ሣጥን ክዳን ላይ ብቻ ነው። አውራ ጣት ብታክል ነው፤ እሷንም ዝገት ጀምሯታል። በስልኬ አነሳሁና ለወንድሜ ላክሁ፣ ወንድሜ ለሚስቱ፣ ሚስቱ ለታፔላ ሠሪው። በየመንገዱ ስትከሳ ከርማ ስትደርስ ማንኪያ መስላለች።

ይህን ጊዜ ብልጠት መጣልኝ። ፎቶዋን ኮምፒዩተር ላይ ከፍቼ፣ ኤስቪጂ ብዬ አስቀመጥኩና ለክብርት እመቤት ላክሁ። ደስታዬን አልችለውም። ወዲያው ደወለች።

«ምንድን ነው የላክህልኝ?»

«ኤስቪጂ ነዋ።»

«ውስጡ ያው ፎቶ ነው። ካባ ደረብክለት እንጂ መች ተለወጠ?»

ታፔላ ሠሪው በበኩሉ «ቆንጆ ቆንጆ ቁልፍ ከኢንተርኔት ላውርድላችሁ» ማለት ጀመረ። ወንድሜ አንገቱን ደፋ። የማንም ቁልፍ ከሚሰቀል ባይሰቀል ይሻላል ብሎ ምርቃቱን ሊተወው ምንም አልቀረውም።

«ሣጥኑን አምጡት» አለች እመቤቲቱ።

አመጣንላት። ክዳኑን አጽድታ፣ ከቅርብ ፎቶ አንስታ፣ ኮምፒዩተሯ ላይ የአባባን መስመር እግር በእግር ትከተል ጀመር። እኔም አፌ አያርፍም፣ «አንገቷ ጠመም ብሏል፤ አቃኚያት እንጂ» አልኩ። ጠርዝ ላይ ያለችን ቅንጣት ሻካራ የማትምር ሴት ይህንንማ አታልፈውም ብዬ ነበር።

«ጋሼ እጁ ከተንቀጠቀጠ በኋላ ነው የሣላት» አለችኝ ዓይኗን ሳትነቅል። «ይሄ መንቀጥቀጥ የእሱ ነው። የደበዘዘውን አጠራለሁ፤ የእሱን አልነካም።»

ቅዳሜ ጠዋት ታፔላው ተሰቀለ። ቁልፏ ሰው ታክላለች፤ ጠርዟ ጥርት፣ አንገቷ ጠመም እንዳለ ነው። ወንድሜ ከመሰላሉ መውረድ አቃተው። እናታችን ከታች ቀና ብላ አየችና «እጁ ነው» አለች። እኔማ መንገዱ ላይ ልዘል ምን ቀረኝ።

ወደ ክብርት እመቤት ዞርኩና በራሷ ቃል «ጠርዙን አየሽው?» አልኳት።

ዓይኗ እንባ ሞልቶ ነበር። ያን ጠዋት ያ ሁሉ ጥራት ለእሷ ብቻ ደብዝዞ ሳይታያት አልቀረም፤ ቅር ያላትም አልመሰለኝም።