እመቤት ሚልድሬድ ከመጋረጃው ሥር

[በደርቢሻየር፣ ከባቡር ሐዲዱ ጀርባ፣ ሰዎች እየተከራዩ አትክልት የሚያለሙባቸው ቁራሽ መሬቶች። ክሌመንትና ዊልፍ ከአውቶቡስ ድርጅት አብረው ጡረታ የወጡ የቁራሽ ጎረቤቶች ናቸው። አንድ የውሃ ማጠጫ ለሁለት ይዘው ይጓተታሉ። በክሌመንት ቁራሽ ላይ አንድ ትልቅ መደብ በአሮጌ መጋረጃ ተሸፍኗል። የዊልፍ መደብ ባዶ ነው።]

ክሌመንት፦ ወደ ላይ ነው የምልህ። የማጠጫው ወንፊት ሰማይ ሰማይ ነው የሚያየው።

ዊልፍ፦ ውሃው የሚፈለገው ታች አይደል እንዴ?

ክሌመንት፦ ዝናብ ከየት ነው የሚመጣው?

ዊልፍ፦ ከላይ።

ክሌመንት፦ እና?

ዊልፍ፦ እና ወደ ታች ይወርዳል።

ክሌመንት፦ አንተን ማስተማር እኮ ውሃ ቢወቅጡት እምቦጭ ነው። አምጣው፣ ላሳይህ። [ወንፊቱን ወደ ላይ አዙሮ ያጠጣል። ውሃው የገዛ ጫማው ውስጥ ይገባል።] አየህ እንዴት ለስልሶ እንደሚወርድ?

ዊልፍ፦ ጫማህ ራሰ እኮ።

ክሌመንት፦ ሆን ብዬ ነው። እግሩ የሞቀው አትክልተኛ ይሰንፋል። ይልቅ ዛሬ ማን እንደሚመጣ ታውቃለህ?

ዊልፍ፦ ወይዘሮ ቦዝዌል፣ ከኮሚቴው። እንዴት አላውቅም፣ ሌሊቱን ሙሉ ሲያባንነኝ አደረ። በመጋቢት መጥተው «ይሄ ነጭ ሥር የሚባል አረም እስከ ሐምሌ ካልጠፋ ቁራሽህን ለሌላ ሰው እንሰጣለን» አሉኝ። ሰባት ዓመት ወረፋ ጠብቄ ያገኘኋት መሬት ናት፣ ክሌመንት። ቤት ደግሞ አማቴ አለች።

ክሌመንት፦ አሁንም አልሄደችም?

ዊልፍ፦ ለሁለት ቀን ብላ ነው የመጣችው። አምና ለፋሲካ። የእኔ ወንበር ላይ ተቀምጣ የእንጆሪ እርጎ ስትበላ ትውላለች። ይቺን መሬት ካጣሁ መግቢያ የለኝም።

ክሌመንት፦ አይዞህ፣ ብትነጠቅም እኔ ጋ እየመጣህ ዋንጫዬን ትወለውላለህ። ዘንድሮ ኮሚቴው ለምርጥ ቁራሽ የሚሰጠው ዋንጫ የእኔ ነው። አንተማ የመከርኩህን ብትሰማ ኖሮ እንዲህ ባዶ መሬት ታቅፈህ አትቀርም ነበር።

ዊልፍ፦ ኧረ ሁሉንም ሰምቻለሁ። የሙዝ ልጣጭ ከጽጌረዳው ሥር ቅበር አልከኝ፣ ቀበርኩ። ቀበሮ መጥቶ ልጣጩንም ጽጌረዳውንም ይዞ ሄደ።

ክሌመንት፦ ጥልቀቱን አሳስተህ ነው።

ዊልፍ፦ ቀንድ አውጣ እንዲሰምጥ ቢራ በሳህን አስቀምጥ አልከኝ። አስቀመጥኩ።

ክሌመንት፦ ሰመጠ?

ዊልፍ፦ አማቴ ጠጣችው።

ክሌመንት፦ እና የእኔ ጥፋት ነው? ዋናውን ምክሬን ግን ረስተኸዋል። ምን ነበር ያልኩህ?

ዊልፍ፦ «ተክል አይጣልም። ዕቃ ውስጥ ከተህ ትልቅ ስም አውጣለት፣ ገዢ አያጣም።»

ክሌመንት፦ ጎሽ። አፍህ ይዞታል፣ እጅህ ግን አይሠራበትም።

ዊልፍ፦ ኧረ ሠርቼበታለሁ። እንዲያውም በሚያዝያ…

ክሌመንት፦ ቆይ፣ አታቋርጠኝ። [መጋረጃው አጠገብ ይቆማል።] ሁለት ወር ሙሉ ለሰው ሳላሳይ የያዝኩትን ዛሬ ታያለህ። በግንቦት የቤተ ክርስቲያኑን የችግኝ ባዛር ታስታውሳለህ?

ዊልፍ፦ እንዴታ። ጠዋት ዕቃ አድርሼ ተመለስኩ።

ክሌመንት፦ አየህ፣ ቸኩለህ ሄድክ። ዕድል ከሰዓት በኋላ ነው የመጣው። ሁሉም ሰው አበባ አበባውን ይሻማል፣ እኔ ግን ዓይኔን ወደ ጥግ ጣል ሳደርግ ስድስት ችግኝ ማንም ሳይነካቸው ተደርድረዋል። ቄሱ አንዱን በሁለት ፓውንድ አሉኝ። ስድስቱንም እወስዳለሁ፣ በአንድ አንድ ያድርጉልኝ አልኳቸው። እጄን ጨብጠው አልለቅ አሉ። እንዲህ ተሞኝቶ እንዲህ የሚደሰት ሰው አይቼ አላውቅም።

ዊልፍ፦ በምን ዕቃ ነበሩ?

ክሌመንት፦ እሱ ነው ምስጢሩ። በእንጆሪ እርጎ ዕቃ። ለምን ይመስልሃል?

ዊልፍ፦ እርጎው ተበልቶ አልቆ?

ክሌመንት፦ ሞኝ። የእርጎ ቅሪት ሥር ያጠነክራል። ዕቃው ላይ የተለጠፈውን የስም ወረቀት ጽሕፈት ደግሞ ብታየው፣ ጥምም ያለ፣ ፊደሉ በፊደሉ ላይ የወጣ። እንዲህ የሚጽፍ ወይ ሐኪም ነው ወይ መስፍን። [መጋረጃውን ይገልጣል። መደቡ እስከ ዳሩ በለምለም አረንጓዴ ቅጠል ተሸፍኗል።] እንግዲህ እይና ቅና።

ዊልፍ፦ [ጎንበስ ብሎ አንድ ቅጠል ያገላብጣል።] ክሌመንት፣ ይቺን አውቃታለሁ መሰለኝ።

ክሌመንት፦ አታውቃትም። ከየት ታውቃታለህ?

ዊልፍ፦ ካሮትህ የት ሄደ?

ክሌመንት፦ ቦታ ለቀቀላት።

ዊልፍ፦ ሽንኩርቱስ?

ክሌመንት፦ አክብሮ ተነሣ። ይህቺ ዝም ብላ የምትቀመጥ ተክል አይደለችም። ማታ ማታ አንጎራጉርላታለሁ፣ ጠዋት ስመጣ አንድ ክንድ ተራምዳ አገኛታለሁ። አሁን ወደ መሣሪያ ቤቱ ደጃፍ እየሄደች ነው።

ዊልፍ፦ እኔ ሳላንጎራጉርላትም ትሄድ ነበር።

ክሌመንት፦ ምን አልክ?

ዊልፍ፦ ሥሯ ነጭ ነው?

ክሌመንት፦ እንደ ወተት።

ዊልፍ፦ ብትቆርጣትስ?

ክሌመንት፦ ከአንዷ ሁለት ትወጣለች። በረከት ማለት ይሄ ነው። ስለዚህ ብቻዬን አልበላኋትም፣ ከበሩ አጠገብ ያለውን የወይዘሮ ቦዝዌልን ቁራሽ ታውቅ የለ? በሰኔ ማንም ሳያየኝ ከጽጌረዳቸው ሥር ጥሩ ጥሩዋን መርጬ ተከልኩላቸው። ማን እንደሆነ አያውቁም። ዛሬ ዋንጫውን ሲሰጡኝ፣ ሰው ሁሉ በተሰበሰበበት እነግራቸዋለሁ።

ዊልፍ፦ ተከልክላቸው? ከጽጌረዳው ሥር?

ክሌመንት፦ ምነው ፊትህ ተለዋወጠ? ቅናት ነው፣ ይገባኛል።

ዊልፍ፦ ክሌመንት፣ ስሟን ንገረኝ። ወረቀቱ ላይ የተጻፈውን።

ክሌመንት፦ [ደረቱን ነፍቶ] እመቤት ሚልድሬድ።

[ዊልፍ ባልዲ ገልብጦ ይቀመጣል።]

ክሌመንት፦ ምን ሆንክ?

ዊልፍ፦ አማቴ ናት።

ክሌመንት፦ ማን?

ዊልፍ፦ ሚልድሬድ። የሚስቴ እናት።

ክሌመንት፦ በአማትህ ስም ተክል ተሰየመና አልነገርከኝም? ማን ሰየመላት?

ዊልፍ፦ እኔ ነኛ። ትልቅ ስም አውጣለት አላልከኝም? ያንን ነጭ ሥር ከመሬቴ ስነቅል ወገቤ ተቆረጠ፤ ከዚያ ምክርህ ትዝ አለኝ፣ ተክል አይጣልም። ቤት የሞላው የእርጎ ዕቃ ነው፤ ከተትኳቸው። ስም ግን ቸገረኝ። ቁጭ ብዬ አሰብኩ። አንዴ ከገባች የማትወጣ፣ ቢጎትቷት የማትነቀል፣ የሰው ቦታ የምትይዝ… ሌላ ስም አልመጣልኝም።

ክሌመንት፦ [በቀስታ] ይሄ… ያ አረም ነው?

ዊልፍ፦ «ገዢ አያጣም» ስትለኝ እኮ በልቤ አላመንኩህም ነበር። ይቅር በለኝ። ሁሉም ተሸጡ ሲሉኝ ማን ገዛቸው ብዬ ቄሱን ጠየቅኳቸው። «እግዚአብሔር የላከው ሰው ነው» አሉኝ።

ክሌመንት፦ ያንተ መሬት ባዶ የሆነው…

ዊልፍ፦ ባዶ አይደለም፣ ንጹሕ ነው። ያልከኝን አድርጌ ነው። አንተ ባትኖር ዛሬ መሬቴን አጥቼ ነበር። [ዓይኑ እንባ ያቀርራል።] እውነቴን ነው፣ ክሌመንት፣ ውለታህን በምን እንደምከፍል አላውቅም።

ክሌመንት፦ [መጋረጃውን እየጎተተ] ተነሣ፣ ያዝ በዚያ በኩል። ሸፍነው። ቶሎ በል።

[ከበሩ በኩል የሴት ጩኸት ይሰማል።]

ዊልፍ፦ ወይዘሮ ቦዝዌል መጡ።

ክሌመንት፦ ዋንጫ ይዘዋል?

ዊልፍ፦ አካፋ ነው የያዙት። ነጭ ሥር እንደ ፓስታ ክንዳቸው ላይ ተጠምጥሟል። ያገኙትን ሰው ሁሉ «ማነው ይሄን ጉድ ከጽጌረዳዬ ሥር የተከለው?» እያሉ ይጠይቃሉ።

ክሌመንት፦ ዊልፍ፣ ወንድሜ፣ አፈር ስሆን፣ እኔን አላየኸኝም። ዛሬ አልመጣሁም። [መጋረጃው ሥር ገብቶ ቅጠሉ መካከል ይጋደማል። የራሰ ጫማው ብቻ ይታያል።]

ዊልፍ፦ ሰው በተሰበሰበበት እነግራቸዋለሁ ብለህ አልነበር እንዴ?

ክሌመንት፦ [ከመጋረጃው ሥር] ዝም በል ብዬሃለሁ።

ዊልፍ፦ ዓይን አፋር መሆንህን ዛሬ አወቅኩ። ግድ የለህም፣ ስንት ምክር መክረኸኝ እኔ ይቺን ላንተ ለማድረግ አላንስም። [ወደ መንገዱ ወጥቶ ባርኔጣውን ያውለበልባል።] ወይዘሮ ቦዝዌል፣ በዚህ በኩል ይምጡ! የእኔ መሬት ንጹሕ ነው፣ ይዩልኝ። የሚፈልጉት ሰው ደግሞ ይኸው፣ እዚህ መጋረጃ ሥር ከአማቴ ጋር ተኝቷል።