የአንዱ ሙሉ ልብስ ድልድል

ለማንም ተናግሬው የማላውቀውን በቅድሚያ ላስፍር። ባለቤቴ ሊሞት ሲል «በሙሉ ልብሴ ቅበሪኝ» ብሎኝ ነበር። እኔ ግን ክፉ ቀን እየመጣ መሆኑን ከጋዜጣ ላይ አንብቤ ስለነበር በሥራ ካኪው ሸኘሁት፤ ሙሉ ልብሱን ቁም ሣጥን ውስጥ ደበቅኩ። ሰው ሁሉ ለብሶት የሄደ ይመስለዋል። የቀረው በጸሐፊነቴ የያዝኩት ቃለ ጉባኤ ነው።

ቀን፦ ቅዳሜ፣ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው በተዘጋ በሁለተኛው ዓመት።

ሰዓት፦ ከሰዓት በኋላ። የሊቀ መንበሩ የእጅ ሰዓት በዱቄት ስለተለወጠ በግምት።

ቦታ፦ የሕንፃችን መግቢያ። ወንበሮቹ ስለተሸጡ አባላት ደረጃው ላይ ተቀምጠዋል።

የተገኙ፦ ሊቀ መንበሩ (ጡረተኛ የባቡር ትኬት ተቆጣጣሪ)፣ ልብስ ሰፊው፣ የሒሳብ መምህሩ (ሥራ የለውም)፣ ሾፌሩ (ሥራም መኪናም የለውም)፣ የሾፌሩ ሚስት (አባል አይደለችም፤ ውጪ ብትባል እምቢ አለች)፣ ጸሐፊዋ።

ያልተገኙ፦ የዱቄት ፋብሪካው የሠራተኛ አስተዳደር ኃላፊ። ከነዋሪው መካከል ሥራ ያላቸው እሳቸው ብቻ ስለሆኑ በይቅርታ ታልፈዋል።

ምልዓተ ጉባኤ፦ አልሞላም ነበር። ሆኖም ማዶ ዳቦ ቤት የተሰለፉት አባላት በበሩ በኩል ስለሚታዩ እንደተገኙ ተቆጥረው፣ ከሰልፋቸው ሳይወጡ እጃቸውን እያወጡ ድምፅ እንዲሰጡ ተነገራቸው።

አጀንዳ 1፦ የጠዋት መውጫ

ሥራ የፈቱ አባላት ለልጆቻቸው ሲሉ ጠዋት ጠዋት ቦርሳ አንጠልጥለው «ሥራ» ስለሚወጡ ደረጃው ላይ መጋፋት መፈጠሩን ሊቀ መንበሩ አስረዱ። ሾፌሩ መኪና ሲነዳ በኖረበት ዘመን ሁሉ እንዲህ ያለ መጨናነቅ አይቶ እንደማያውቅ ገለጸ። ከረጅም ውይይት በኋላ የአራተኛ ፎቅ ሥራ ፈቶች በመጀመሪያ እንዲወጡ፣ እውነተኛ ሥራ ላለው ግን ሁሉም ግድግዳ ተጠግተው እንዲያሳልፉ ተወሰነ።

አጀንዳ 2፦ ሙሉ ልብስ

የዱቄት ፋብሪካው አንድ የመጋዘን ጠባቂ ይፈልጋል። መምህሩና ሾፌሩ ሰኞ በተመሳሳይ ሰዓት ለቃለ መጠይቅ ተጠርተዋል። ሥራውን ያጣው ኪራይ መክፈል አቅቶት ቤቱን እንደሚለቅ ሁለቱም ያውቃሉ። በሕንፃው የነበረው ደህና ልብስ ሁሉ ተሸጦ ተበልቷል። በዚህ ጊዜ ጸሐፊዋ አንድ ጥቁር ሙሉ ልብስ አምጥታ የወንድሟ መሆኑን አስረዳች።

የሾፌሩ ሚስት «እትዬ፣ ወንድም እንዳለዎት ነግረውን ያውቃሉ እንዴ?» ስትል ጠየቀች። ልብስ ሰፊው ኮሌታውን ገልብጠው ስፌቱን አዩ። ከዚያ ጸሐፊዋን አዩ። ኮሌታውንም መልሰው አስተካከሉ። በመጨረሻም «የወንድሟ ነው ካለች የወንድሟ ነው፤ ስብሰባው ይቀጥል» አሉ። የጸሐፊዋ ብዕር ስለወደቀ ቀጥለው የተሰጡት አስተያየቶች አልተመዘገቡም።

መምህሩ ረጅም፣ ሾፌሩ አጭር በመሆናቸው ክርክር ተነሣ። መምህሩ «አንተ ሱሪውን ከለበስከው እኮ መንገዱን ስትጠርግ ነው የምትውለው» ሲል፣ ሾፌሩ «አንተስ? እጅጌው ክርንህ ላይ ሲቀር ልብስ ልታጥብ የመጣህ ነው የሚመስላቸው» ሲል መለሰ። ሊቀ መንበሩ ኮቱ ለመምህሩ፣ ሱሪው ለሾፌሩ እንዲሆን ሐሳብ አቀረቡ። የሾፌሩ ሚስት «ጠረጴዛ ኋላ ሲቀመጥ የኔ ባል ምኑ ሊታይ ነው?» በማለት ተቃወመች። ከረጅም ውይይት በኋላ ሾፌሩ እንዳይቀመጥ፣ ተቀመጥ ቢባልም ወገቡን እንዲያመው ተወሰነ። ድምፅ ሲጠየቅ ከማዶ እጅ ሁሉ ወጣ። የወጣው ለውሳኔው ይሁን ለዳቦው ባይታወቅም በሙሉ ድምፅ ጸደቀ።

ልብስ ሰፊው ውሳኔውን ወዲያው ማስፈጸም ጀምረው የሱሪውን ቀኝ እግር በሾፌሩ ልክ ቆረጡ።

ግራውን ሊቀጥሉ ሲሉ የሠራተኛ አስተዳደር ኃላፊው ካርቶን ታቅፈው ገቡ። በካርቶኑ ውስጥ ስማቸው የተጻፈበት የጠረጴዛ ሰሌዳና አንድ ብርጭቆ ታይቷል። «ፋብሪካው ዛሬ ተዘጋ። ሰኞ ጠያቂው እኔ ነበርኩ፤ አሁን የሚጠይቀኝ ሰው እየፈለግኩ ነው። ለሙሉ ልብሱ ተራ ያዙልኝ። ጠዋት ደረጃው ላይም በስንት ሰዓት እንደምወጣ ንገሩኝ፤ ልጆቼ ገና አልሰሙም» አሉ።

ልብስ ሰፊው መቀሱን አስቀመጡ። ከዚያ የሾፌሩ ሚስት «ጋሼ፣ ግራ እግሩ አልተቆረጠም፤ እሱ ይድረስዎት» አለች። መጀመሪያ የሳቁት ኃላፊው ራሳቸው ነበሩ። መምህሩ ካርቶኑን ተቀበላቸው፤ ሾፌሩም ተጠግቶ መቀመጫ ለቀቀላቸው።

የመጨረሻ ውሳኔ፦ ቅድሚያ የሚሰጠው ሥራ ያለው ሰው ስለታጣ አጀንዳ 1 ተሽሯል። ቃለ መጠይቅ ስለሌለ አጀንዳ 2 ተሽሯል። ሙሉ ልብሱ ለባለቤቱ ይመለስ። ቀኝ እግሩም እንዳልተቆረጠ ይቆጠር።

በግድግዳው ላይ ያለው የፀሐይ ብርሃን የፖስታ ሣጥኖቹ ጋ ሲደርስ ስብሰባው ተዘጋ።

ሁሉም ከወጡ በኋላ ልብስ ሰፊው ሱሪውን አጣጥፈው እንደያዙ አጠገቤ ቆሙ። «እህቴ» አሉኝ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ያኔ ለባለቤትሽ ስሰፋለት "ሱሪው ረዘመብኝ" እያለ ቁም ስቅሌን ነበር ያሳየኝ። አላሳጥርም ብዬ እምቢ ያልኩት እኔ ነኝ። ግራውንም ልቁረጠው?»

ይቁረጡት፣ ለሾፌሩ ይሁን አልኩ። ይህ ውሳኔ በማንም ድምፅ አልጸደቀም።

ግልባጭ፦ ለሕንፃው ማኅበር ፋይል፣ የመጀመሪያው አንቀጽና ከመዝጊያው በኋላ ያለው ሳይጨመር።

ዋናው፦ ለልብስ ሰፊው።