ዝርዝሩ ላይ የሌለው ፋይል

«አንች ልጅ፣ ስህተት የለውም ነው የምትይኝ? እንዴት ይኖረዋል? ማን አነበበውና።»

ይኸ ድምፅ የሊቀ ዝርዝር ክንፈሚካኤል ነው፤ በአፍንጫ የሚወጣ፣ ሲቆጣ እንኳ ስም የሚጠራ የሚመስል። ማዕረጉን የሰጠነው እኛ ነን። በየመሥሪያ ቤቱ እንዲህ ያለ አንድ ሰው አይጠፋም፤ ሳይፈቅድ ወንበር እንኳ ቦታ አይለውጥም። የኛው ቡሬ ላይ፣ የእህል እርጥበት የሚለካ መሣሪያ የምንሠራበት ክፍል ውስጥ፣ የኮምፒውተር ኮዱን በር ይጠብቃል።

ኮዳችን ሲ በሚባለው የኮምፒውተር ቋንቋ የተጻፈ ነው። ጎጆ እንደወጣ ልጅ እያንዳንዱ የኮዱ ክፍል የየራሱ ፎልደር አለው። ኮምፒውተሩ ግን የሚያነበው ዝርዝሩ ላይ ስሙ የሰፈረውን ብቻ ነው፤ ዝርዝሩ ደግሞ በክንፈሚካኤል እጅ ነው። አዲስ ፋይል ይዞ የመጣ ሰው ልጅ ሊያጭ እንደመጣ ሽማግሌ ይመረመራል፤ የማን ወገን ነው፣ ማንን ይፈልጋል፣ ማን ይፈልገዋል። ክንፈሚካኤል ጅጋ ከተማ ሰርግ ተጠርቶ ድንኳኑ በር ላይ የተጠሪዎቹን ስም ዝርዝር ጠየቀ አሉ። አላየሁም፤ ግን አምናለሁ።

የኮንትራት ሠራተኛችን እህተ ማርያም በቆሎ የሚለካውን የኮድ ክፍል ሳምንት ሙሉ ጽፋ ፎልደሩ ውስጥ አስቀመጠችው። ኮምፒውተሩ አንድም ስህተት አላሳየም፤ ደስ ብሏት ለእናቷ ሁሉ ደወለች። ዝርዝሩ ላይ ግን አላስገባችውም ነበር፤ ስለዚህ ኮምፒውተሩ አጠገቡም አልደረሰም። ሰኞ ፍኖተ ሰላም ላይ ገበሬዎች ከነበቆሏቸው ይጠብቋታል። መሣሪያው ካልለካ ኮንትራቷ አይታደስም።

«ጋሼ፣ ታዲያ ምን ይሻለኛል?» አለች።

ስሙን፣ የሚፈልጋቸውን ፋይሎች፣ ከዋናው ዝርዝር ጋር የሚያገናኘውን መስመር በገዛ እጇ እንድታስገባ አዘዛት። አሁን ኮምፒውተሩ አነበበው፤ አነበበና አርባ አንድ ስህተት ተፋ። እንደለመደው ስብከቱን ይጀምራል ብዬ ጆሮዬን ቀሰርኩ። እሱ ወንበሩን ስቦ አጠገቧ ተቀመጠና ስህተቱን አንድ በአንድ አብሯት ያርም ጀመር። ዓርብ ነበር፤ ዘጠኝ ሰዓት ሆኖ ጾሙ ሲፈታም አልተነሣም። አሥር ሰዓት ላይ መሣሪያው ከቡሬ ገበያ የመጣውን በቆሎ ቀምሶ «አሥራ ሦስት ከመቶ» አለ።

ከእያንዳንዱ ፋይል ስም ጎን ዋስ ይጻፋል፤ ኮዱ ሲበላሽ የሚጠየቀው ሰው። ክንፈሚካኤል በስድስት ዓመት ለማንም ዋስ ሆኖ አያውቅም፤ «በረኛ ነኝ እንጂ ዘመድ አይደለሁም» ነው መልሱ። እህተ ማርያም እጇን ልትታጠብ ስትወጣ፣ ከእሷ ፋይል ጎን የራሱን ስም ሲጽፍ አየሁት።

ዞር ሲል ደብተሬ ላይ ስጽፍ አየኝ።

«አንተ ደግሞ ምን ትሞነጭራለህ?»

«ዋስ መሆንዎን ነዋ።»

«ተው፣ አትጻፍ። ነገ ሁሉም ዋስ ሁነኝ እያለ ይሰለፍብኛል።»