ሦስት መጋዝ ለአንድ ያዘመመ ባህር ዛፍ

የሰው ልጅ ዛፍ መቁረጥ የጀመረው መቼ እንደሆነ ሊቃውንት አልተስማሙም። ዛፍ ለመቁረጥ ኮሚቴ የተቋቋመው መቼ እንደሆነ ግን በትክክል ይታወቃል፤ ባለፈው የካቲት፣ ቢቸና ውስጥ፣ ማክሰኞ ከምሳ በኋላ ነው። ቃለ ጉባኤውን የያዝኩት እኔ ነኝ።

ስሙን ከመጥራት የምቆጠብለት መሥሪያ ቤታችን ከጓሮው አሥራ ሁለት ባህር ዛፎች ነበሩት። አሥራ አንዱ እንደ ማንኛውም ጨዋ ዛፍ ቀጥ ብለው ወደ ሰማይ የወጡ ናቸው። አሥራ ሁለተኛው አዘመመ። ወደ ግቢያችን አዝምሞ ቢሆን ማንም ባልጠየቀው ነበር፤ እሱ ግን አጥር ተሻግሮ በወይዘሮ ይርጋነሽ ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ ተንጋደደ። ወይዘሮ ይርጋነሽ ባላቸውን ቀብረው፣ ልጆቻቸውን ድረው፣ ባለሁለት ክፍል ቤት ውስጥ ብቻቸውን የሚኖሩ ሴት ናቸው። ነፋስ በነፈሰ ቁጥር ዛፉ ሲያቃስት ይሰማሉ። አልጋቸውን መጀመሪያ ወደ አንዱ ግድግዳ፣ ቀጥሎ ወደ ሌላው ካዛወሩ በኋላ በመጨረሻ በሩ ሥር አደረጉት፤ ጣሪያው ሲመጣ ለመውጣት እንዲቀርባቸው።

ማመልከቻቸው አጭር ነበር። «ዛፋችሁ ሊገድለኝ ነው። ክረምት ሳይገባ ቁረጡልኝ።»

ኃላፊያችን አቶ ሽታሁን ሁለት ጊዜ አነበቡት። ከዚያም መነጽራቸውን አውልቀው ለታሪክ በሚናገር ድምፅ፣ «ሕዝብ ጠይቋል፤ እኛ እንመልሳለን» አሉ። «ግን በምን እንመልሳለን? በምሳር? ዓለም የት ደርሷል! ይህ ዛፍ የሚቆረጠው በዘመናዊ የቤንዚን መጋዝ ነው። መጋዙም በዘፈቀደ አይገዛም። ይጠናል፣ ይነጻጸራል፣ ይመዘናል።»

«የቤንዚን መጋዞች የመቁረጥ ብቃትና የዋጋ ተመጣጣኝነት አነጻጻሪ ጊዜያዊ ኮሚቴ» የተወለደው እንዲህ ነው። ሰብሳቢው አቶ አስናቀው በግዥ ሥራ የሸበቱ ሰው ናቸው። ቅዳሜ ገበያ አንድ እሥር ጎመን ሲገዙ እንኳ ከሦስት ሻጭ ማኅተም ያለበት ዋጋ ይጠይቃሉ እየተባለ ይታማሉ። እኔ ውጭ አገር ስለ ደን ተምሬ የመጣሁ ብቸኛው ሰው ስለሆንኩ ጸሐፊነቱ ተሰጠኝ። የእጅ ጽሑፌ ይነበባል አሉ። ሦስተኛ አባል ተብሎ አንድ ባልደረባችን ተጨመረ።

የመጀመሪያው እንቅፋት ቶሎ ተከሰተ። ቢቸና ውስጥ የቤንዚን መጋዝ የያዘ ነጋዴ አንድ ብቻ ነው፤ ያለውም አንድ ብርቱካናማ መጋዝ ነው። አንድ ዋጋ ደግሞ፣ አቶ አስናቀው እንዳስተማሩን፣ «ዋጋ አይደለም፤ ወሬ ነው።» ሕጉ ሦስት ፕሮፎርማ ይላል። ስለዚህ ኮሚቴው በመሥሪያ ቤቱ መኪና ወደ ሞጣ ተንቀሳቀሰ። ግንደወይን ላይ ለምሳ ወርደን የጉዞውን ዓላማ በጥልቀት ስንወያይ ጥብሱ ሁለት ጊዜ ተደገመ።

የሞጣው ነጋዴ ሰማው ይባላል፤ ሲናገር እጁን የሚያሻሽ ቀልጣፋ ሰው ነው።

«ምን ያህል ጫካ ነው?» አለ።

«አንድ ዛፍ» አሉ አቶ አስናቀው።

«አንድ መቶ?»

«አንድ።»

ሰማው መጀመሪያ ሦስታችንን፣ ቀጥሎ ውጭ የቆመውን መኪና፣ ከዚያ ሾፌሩን አየ።

«ጌታው፣ አንድ ዛፍ ከሆነማ ሰኞ ወደ ደጀን እሄዳለሁ። በዚያው ቢቸና ላይ ወርጄ ቆርጬላችሁ አልፋለሁ። የአሥር ደቂቃ ሥራ ነው።»

«በስንት?»

«ኧረ በምንም! ሴትዮዋ ይመርቁኝ፤ ይበቃኛል።»

አቶ አስናቀው እርሳሳቸውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ። «በምንም» አሉ በሐዘን። «በምንም የሚባል ዋጋ ከምን ጋር ይነጻጸራል? በስንት በመቶ ይበልጣል? በስንት በመቶ ያንሳል? ይኸ ገበያ ማበላሸት ነው ወንድሜ። ደግሞስ ቢቸና ዛፍ መቁረጥ አቅቷት ሞጣ ቆረጠላት ሲባል አይከብድም?»

«ማንን ነው የሚከብደው?»

«ታሪክን።»

ሰማው ከታሪክ ጋር መጣላት አልፈለገም። ከጓዳ አንድ ቀይ መጋዝ አወጣ። ሦስተኛ እንደሚያስፈልገን ሲሰማ ተመልሶ ገባና አቧራ የለበሰ ቢጫ መጋዝ ይዞ ወጣ።

«ይኸስ ደህና ነው?» አልኩት።

«ይኸ ከመጣ ጀምሮ ተነሥቶ አያውቅም። ዕቃውን እየፈታሁ ለሌሎች እጠቀምበታለሁ ብዬ ነው ያስቀመጥኩት።»

«ዋጋ ግን አለው?» አሉ አቶ አስናቀው።

«ዋጋማ አለው።»

«ማኅተምህስ?»

«አለ።»

«እንግዲያው የተሟላ ተወዳዳሪ ነው።» ሁለቱንም ለሙከራ ፈርመን ወሰድን፤ ብርቱካናማውንም ቢቸና ስንመለስ እንዲሁ።

መጋዙ ከተገኘ በኋላ ቤንዚን ጠፋ። ማደያው ወረፋ አለበት፤ ወረፋው ሲደርሰን ደግሞ ቀጂው ሦስቱን መጋዞች እያገላበጠ አይቶ፣ «ታርጋቸው የት አለ?» አለን።

«የመጋዝ ታርጋ?»

«ታርጋ ለሌለው አልቀዳም። መመሪያ ነው።»

ሌላ መሥሪያ ቤት ቢሆን ተስፋ ይቆርጥ ነበር። እኛ ግን መጋዞቹ ታርጋ እንዲሰጣቸው ደብዳቤ ጻፍን። መጋዝ የት የት እንደሚነዳ፣ ስንት ሰው እንደሚጭን የሚጠይቅ መልስ መጣ። ለዚህም መልስ ጻፍን። ሁዳዴ ገባ፤ ፋሲካ አለፈ። በመጨረሻ አንድ የባጃጅ ሾፌር ታንኩን ሞልቶ መጣና በቀጭን የጎማ ቱቦ ወደ ሃይላንድ ጠርሙስ ገልብጦ ሰጠን። ይህ በቃለ ጉባኤው ላይ «አማራጭ የኃይል አቅርቦት» በሚል ተመዝግቧል።

ሙከራው የተካሄደው በግንቦት አጋማሽ ነው። የብርቱካናማው ሞተር ሲጮኽ ወይዘሮ ይርጋነሽ ነጠላቸውን እያጣፉ በአጥሩ ብቅ አሉ። ፊታቸው በርቶ ነበር።

«እሰይ! እሰይ የኔ ልጆች! ጠላ ላምጣላችሁ?»

አቶ አስናቀው በእጃቸው ምልክት ሰጡ፤ መጋዙ አንዱ ቀጥ ያለ ዛፍ ሥር ገባ።

«ተሳስታችኋል!» ብለው ጮኹ ሴትዮዋ። «የኔው ወዲህ ነው!»

«አልተሳሳትንም እትዬ ይርጋነሽ። ያኛው የግዥው ዓላማ ነው።»

«እና?»

«ዓላማ ላይ ሙከራ አይደረግም። ሳንገዛ ያን ዛፍ ከቆረጥነው፣ ቀጥሎ መጋዙን ለምን እንገዛዋለን?»

«ለምን ትገዙታላችሁ?»

«አዩ! እርስዎም መልስ የለዎትም።»

ብርቱካናማው ሦስት ዛፍ ጣለ። እንደ ቅቤ ነበር የሚቆርጠው፤ ዋጋው ግን የአንድ ወይፈን ነው። ቀዩም ሦስት ጣለ፤ በየመሐሉ ሰንሰለቱ እየወለቀ፣ እኛም በየመሐሉ እየሸሸን። ይሁን እንጂ ሰዓት የያዘው ባልደረባችን ስልክ ተደውሎለት ቆጠራውን ስላጠፋው ውጤቱ ተሰረዘ። ሙከራው ተደገመ። አምስት ዛፎች ተጨመሩ። ከቀትር በኋላ ከአሥራ ሁለቱ አንዱ ብቻ ቆሞ ቀረ፤ ያዘመመው። የወደቀው እንጨት «ናሙና» ተብሎ ለተጨማሪ ምርመራ በኮሚቴው አባላት ቤት ተከፋፈለ። በየምድጃው ተመርምሯል። ሁለት ግንድ እኔም ቤት ገብቷል፤ ጥሩ ማገዶ እንደሆነ መመስከር እችላለሁ።

ቢጫው መጋዝ የማስነሻ ገመዱ አርባ ጊዜ ያህል ተጎተተ። አቶ አስናቀው ጎተቱ፤ ሾፌሩ ጎተተ፤ ጥበቃው በእግሩ ረግጦ ጎተተ። መጋዙ አንዴ እንደማሳል አለና ዝም አለ።

በማግሥቱ ለግምገማ ተቀመጥን። መስፈርቶቹ አምስት ናቸው፤ ፍጥነት፣ የነዳጅ ፍጆታ፣ ደኅንነት፣ ድምፅ፣ ዋጋ፤ እያንዳንዱ ሃያ ነጥብ። ቀዩ በደኅንነት ወድቆ ስልሳ አንድ አገኘ። ብርቱካናማው በፍጥነት ሃያ ከሃያ አገኘ፤ ዋጋው ጎተተውና ሰባ አራት ላይ ቆመ።

«ቢጫው» አሉ አቶ አስናቀው። «ፍጥነት?»

«ዜሮ» አልኩ።

«የነዳጅ ፍጆታ?»

«አልተነሣም እኮ።»

«ስንት ጠጣ ነው የምልህ?»

«ምንም አልጠጣም።»

«ምንም ያልጠጣ ስንት ያገኛል?»

ፎርሙን አየሁ። «ሃያ።»

«ሰው አቁስሏል?»

«እርስዎ ከትናንት ጀምሮ ክንድዎን በሻሽ አንጠልጥለዋል።»

«ያ በገመዱ ነው፤ በስለቱ አይደለም። ሃያ። ጎረቤት የሚረብሽ ድምፅ አሰምቷል?»

«የለም። ሃያ። ግን አቶ አስናቀው፣ መጋዝ ማለት...»

«ተምረሃል፤ አልክድም» አሉኝ በርኅራኄ። «ትምህርት ግን ፎርም አይሞላም። ዋጋው ከሁሉ ርካሽ ነው፤ ሃያ። ደምር።»

ደመርኩ። ሰማንያ። ተጨበጨበ፤ እኔም አጨበጨብኩ።

ግዥው እስኪጸድቅ ሰኔ ገባ። አሥራ አንዱ ዛፎች ነፋሱን ይከልሉለት የነበረው አንዱ ዛፍ አሁን ሜዳ ላይ ብቻውን ቀርቷል። በየቀኑ ጥቂት ጥቂት እያለ ወደ ቆርቆሮው ወረደ። ይህን በሁለት ገጽ ጽፌ አቀረብኩ፤ «አባሪ ሰባት» ተብሎ በክብር ተያያዘ። ወይዘሮ ይርጋነሽ ግን አባሪውን ሳይጠብቁ ዝናብ እንደመታቸው ወደ አቶ ሽታሁን ቢሮ ገቡ።

«ልጄ፣ ቅርንጫፉ ቆርቆሮዬን መታ። ሌሊቱን ተቀምጬ አደርኩ።»

«እትዬ ይርጋነሽ፣ ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል።»

«እንቁላሉ ይሂድ። ዛፉ ግን በእግሩ አይመጣም፤ በአናቱ ነው የሚመጣ። ራሴ ላስቆርጠው?»

«የመንግሥት ንብረት ነው፤ አይነካም።»

«ቤቴ ላይ ሲወድቅስ?»

«ያን ጊዜም የመንግሥት ንብረት ነው። ቆጥረን፣ መዝግበን እናነሣለን።»

«እኔንስ?»

አቶ ሽታሁን መዝገቡን አገላበጡ። «እርስዎ በንብረት አልተያዙም» አሉ።

ወይዘሮ ይርጋነሽ ተነሡ። «እንግዲያው የሚያነሣኝ ልፈልግ» አሉና ወጡ።

ሐሙስ ጠዋት ቢሮ ስንደርስ ጓሮው በሰው ተሞልቷል። የባላቸው ወንድም ልጅ ገብረ ሕይወት ከገጠር አሥር ገበሬ ይዞ ለደቦ መጥቷል፤ ከፊሉ ምሳር፣ ከፊሉ ገመድ ይዟል። አንዱ ወጥቶ ገመዱን ከጫፉ አሰረው፤ ስምንቱ በእኛ ግቢ በኩል ወጠሩት፤ ገብረ ሕይወት ከሥሩ ምሳሩን ያሳርፍ ጀመር።

አቶ አስናቀው እየሮጡ ደረሱ። «ቁም! በምን ፈቃድ ነው?»

«ፈቃዱን ነፋሱን ጠይቁት» አለ ገብረ ሕይወት ምሳሩን ሳያቆም። «አሥራ አንድ ደህና ዛፍ ጥላችሁ ይችን ተዋችኋት? ሳይቸግር ጤፍ ብድር! ይልቅ ከዚያ ፈቀቅ በሉ፤ ወደ እናንተ ነው የምትወድቅ።»

ፈቀቅ አልን። ዛፉ ተሰነጠቀ፤ ገመዱ ተጎተተ፤ ግቢያችን መሐል በደረቱ ተዘረረ። እልልታው ሳያልቅ ጠላው ዞረ። ወይዘሮ ይርጋነሽ ጣሪያቸውን ቀና ብለው አይተው መሬቱን ሳሙ። አቶ ሽታሁን አንድ ጣሳ ከጠጡ በኋላ ግንዱ ላይ ወጥተው፣ «መሥሪያ ቤታችን በየካቲት የጀመረው ዘርፈ ብዙ ጥረት ዛሬ ፍሬ አፈራ» ብለው ንግግር አደረጉ። ገበሬዎቹ ስለማን እንደሚያወሩ ግራ ስለገባቸው በትሕትና አጨበጨቡ።

ሪፖርቱ «መቶ በመቶ ተከናውኗል» ተብሎ ተላከ። የተመደበው በጀት ግን ገና አልተነካም፤ ዓመቱ ሊዘጋ አራት ቀን ቀርቷል። ገንዘብ ሳይነካ ተመላሽ ማድረግ በመሥሪያ ቤታችን ባህል ከስርቆት የከፋ ነውር ነው። ቢጫው መጋዝ ሰኔ ሃያ ዘጠኝ ተገዛ።

ሐምሌ ላይ ከበላይ አካል አንድ ጥያቄ መጣ፤ «የተገዛው መጋዝ በአሁኑ ጊዜ ምን እየቆረጠ ነው?» አስቸኳይ ስብሰባ ተጠራ። ግቢው ውስጥ የቀረ ዛፍ የለም። ደግነቱ ወቅቱ የችግኝ ተከላ ነበር። በማግሥቱ ኮሚቴው በሙሉ ፎቶ አንሺ አስከትሎ፣ ያዘመመው ዛፍ ጉቶ አጠገብ ጉድጓድ ቆፈረ።

«ምን ልትቀብሩ ነው?» አሉ ወይዘሮ ይርጋነሽ በአጥሩ።

«ልንተክል ነው እንጂ እትዬ» አሉ አቶ ሽታሁን።

«ምን?»

«ባህር ዛፍ። መጋዙ ሥራ ፈትቶ እንዳይቀመጥ።»

«ከዚያው?»

«ቦታው በጥናት የተለየ ነው፤ ዛፍ ያበቅላል። በስምንት ዓመት ለመጋዝ ይደርሳል። አይስጉ፣ ወደየት እንደሚያዘም በየሩብ ዓመቱ የሚለካ ኮሚቴ ተቋቁሟል።»

ወይዘሮ ይርጋነሽ በዋናው በር ዞረው ገቡ፤ ጥበቃው ተነሥቶ ሰላም አላቸው። አቶ ሽታሁን አፈሩን ጠቅጥቀው ቀና ሲሉ፣ ሴትዮዋ ጎንበስ ብለው ችግኙን በሁለት ጣት ያዙና ከነሥሩ ነቀሉት። አፈሩን አራግፈው በኃላፊው መዳፍ ላይ አስቀመጡት። «ይኸው፤ ጨረስኩላችሁ» ብለው በመጡበት በር ወጡ።

ፎቶ አንሺው ሥራውን የሚያውቅ ሰው ነው፤ ልክ ጎንበስ ሲሉ አንሥቷቸዋል። ፎቶው በጣም ያማረ ስለሆነ ተለቅ ተደርጎ ታትሞ ዛሬ የመሥሪያ ቤታችን መግቢያ ላይ ተሰቅሏል። ከሥሩ ያለውን ጽሑፍ እንድጽፍ የታዘዝኩት እኔ ነኝ፤ የእጅ ጽሑፌም እንደተለመደው ይነበባል፤ «የአካባቢው ነዋሪ ወይዘሮ ይርጋነሽ ለመጪው ትውልድ ችግኝ ሲተክሉ።»