ሽማግሌ የተላከባት ብስክሌት

ሃምሳ ዘጠኝ ዓመቴ ነው፤ ብስክሌት እነዳለሁ። አዎ፣ ሴት ነኝ። አዎ፣ ጉልበቴን ያመኛል። እናንተ ሳትጠይቁኝ የተናገርኩት ወድጄ አይደለም፤ የአዳማ ሰው ገና ሰላም ሳይለኝ የሚጠይቀኝ ይህንኑ ስለሆነ ነው።

ያደግኩት ወንጂ ነው። እኔ ልጅ ሳለሁ ወንጂ ውስጥ ብስክሌት የማይነዳ ሰው ካለ ወይ አራስ ነው ወይ አልጋ የያዘ በሽተኛ። አባቴ ሸንኮራ ቆራጭ ነበር፤ በመስኖው ቦይ ዳር ዳር ያስተማረኝ እሱ ነው። ሁለቴ ቦዩ ውስጥ ገባሁ፣ በሦስተኛው ቀጥ ብዬ ሄድኩ። ከዚያ አደግኩ፣ ነርስ ሆንኩ፣ አገባሁ፣ ወለድኩ፣ ባሌን ቀበርኩ። በዚህ ሁሉ መሃል ብስክሌትን ማን ያስታውሳል? ቀደም ብዬ ጡረታ ስወጣ ግን አንድ ነገር ገዛሁ። ለልጅ ያልሆነ፣ ለቤት ያልሆነ፣ ለእኔ ብቻ የሆነ። ቀይ፣ ባለ ማርሽ ብስክሌት።

ሰላም የምትባል አንድ ልጅ አለችኝ፤ ባንክ ነው የምትሠራው። ታዲያ አንድ ቀን ጎመኔን ከኋላ አስሬ ከገበያ ስመለስ የሥራ ባልደረቦቿ አዩኝ። በቃ፣ ቤቴ መጥታ አለቀሰች። ሰዉ «ይቺ ልጅ እናቷን ባጃጅ እንኳን ማሳፈር አቃታት» እያለ ነው አለች። ባጃጅ የማልሳፈረው ባጃጅ ስለጠፋ ሳይሆን ፔዳል መርገጥ ደስ ስለሚለኝ መሆኑን አስረዳኋት። አልገባትም። ብስክሌቱን ለቤተክርስቲያኑ ዘበኛ እንድሰጥ ለመነችኝ። እምቢ አልኩ። ምን ብታደርግ ጥሩ ነው? ሽማግሌ ላከችብኝ።

እኔ እስከዚያ ቀን ድረስ ሽማግሌ የሚላከው ልጅ ለመጠየቅ ወይም የተጣላ ለማስታረቅ ይመስለኝ ነበር። ከብስክሌት ጋር ለማፋታት እንደሚላክ የሰማሁት በራሴ ላይ ሲደርስ ነው።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሦስት ሆነው መጡ። የዕድራችን ዳኛ አቶ በቀለ፣ ጎረቤቴ ኦቦ ገመቹ፣ ከእነሱ ጋር ደግሞ የንስሐ አባቴ። ልጅቷ አስባበታለች፤ ሁለቱን እምቢ ብል ሦስተኛውን እምቢ እንደማልል ታውቃለች። ተቀመጡ ብላቸው «ጉዳያችን ሳይፈጸም አንቀመጥም» ብለው እንደ ደንቡ ግድግዳውን ተደግፈው ቆሙ። ኦቦ ገመቹ ሰባ ዓመት አልፏቸዋል፤ ሲቆሙ ወገባቸው ይንቀጠቀጣል። ይህ ነው እንግዲህ ሽምግልና ማለት፤ አንጀትህን በልተው ያሸንፉሃል።

እኔ ግን ሠላሳ ዓመት መርፌ የወጋሁ ሴት ነኝ። ሰው ፊቱን ስላጨማደደ እጄን አልሰበስብም። ስልኬን አወጣሁና አንድ ቪዲዮ አሳየኋቸው። ፈረንጆች ናቸው፣ ከእኔ የሚበልጡ ሽበታሞች፤ በወይን እርሻ መሃል ኮረብታ ለኮረብታ በብስክሌት ይወጣሉ፣ ይወርዳሉ። ማንም ሽማግሌ አልላከባቸውም። እንዲያውም መጨረሻ ላይ ብርጭቆ ወይን የሚያቀብላቸው ሰው ቆሟል።

«ያ የፈረንጅ አገር ነው፣» አሉ አቶ በቀለ።

የእኛስ አገር ምን ጎደለው? ወይን ባቱ አለ። ዳገት አርሲ አለ። እርግጥ ነው፣ የእኛ ወይን ሜዳ ላይ ነው የተተከለው፤ ዳገቱ ከወይኑ በፊት ይመጣል። ቢሆንም ዳገት ዳገት ነው። ስለዚህ ፍርዴን ራሴ አቀረብኩ። ከአዳማ ተነስቼ፣ ዴራን አልፌ፣ ኢተያ ወጥቼ፣ በኦጎልቾ ቁልቁል ወርጄ ባቱ ወይኑ ድረስ በዚህች ብስክሌት ከደረስኩ፣ ከእንግዲህ ማንም ስለ እሷ ቃል አይተነፍስም። ካልደረስኩ ዘበኛው ይውሰዳት። አቶ በቀለ ዳኛ አይደሉ፣ አንቀጽ ጨመሩበት፤ ማረፍ ይቻላል፣ መኪና መግባት አይቻልም፣ ዳገት ላይ ወርዶ መግፋትም አይቻልም። ምስክር እንዲሆኑ እነሱም በኦቦ ገመቹ መኪና ሊከተሉኝ ወሰኑ። ይህን ከተስማማን በኋላ ነው የተቀመጡት።

ቅዳሜ ገና ጎህ ሲቀድ ወጣን። ሱሪ ከቀሚሴ ስር ለብሻለሁ፣ ራሴ ላይ ሄልሜት ደፍቻለሁ። አዋሽ ድረስ ቁልቁለቱ ወሰደኝ፤ ንፋሱ ጆሮዬ ላይ እያፏጨ የሃያ ዓመት ልጅ ሆንኩ። ድልድዩን ስሻገር ግን ሃምሳ ዘጠኜ ተመለሰ። ዴራ ላይ ውሃ ጠጣሁ። ከዴራ በኋላ መንገዱ ቀና ማለት ጀመረ፣ ከዚያ ወዲያ ቀና እንዳለ ቀረ። መጨረሻው ማርሽ ላይ ደረስኩ፤ ሌላ ማርሽ ፈልጌ እጄ ቢዳብስ የለም። ከኋላዬ መኪናው በእኔ ፍጥነት ያዘግማል። አንዳንዴ አቶ በቀለ በመስኮት ብቅ ብለው፣ ከደከመኝ ነውር እንደሌለው ያስታውሱኛል። ነውር የለውም ይበሉኝ? እዚህ ያደረሰኝ ነውር መስሎኝ።

ኢተያ ሊደረስ ሲል እውነቱን ልንገራችሁ፣ ፈራሁ። ጉልበቴን ያመኛል፣ ዓይኔ ላብ ገብቶበት ያቃጥላል። ቀዩዋ ብስክሌቴ በዘበኛው ቤት በር ላይ ተደግፋ ታየችኝ። ዘበኛው ምን አጠፋ? ደግ ሰው ነው። ግን የእኔ ናት። ማልቀስ ጀመርኩ፤ እያለቀስኩ ረገጥኩ። አንድ እግሬን አስፋልቱ ላይ ላሳርፍ ስል ነው አንዲት ሴትዮ የተነሳችው።

መንገድ ዳር ድንች የምትሸጥ ሴት ናት። መጀመሪያ እኔን «አካም ጅርቱ» ብላ ሰላም አለችኝ፤ ትንፋሽ ስላልነበረኝ ራሴን ነቀነቅኩላት። ከዚያ ከኋላዬ ያለውን መኪና አየች። መኪናው ውስጥ ሦስት ወንዶች ተመቻችተው ተቀምጠዋል። ነጠላዋን አደግድጋ መሃል አስፋልት ገባችና መኪናውን አስቆመችው።

«ትልቅ ሴት ዳገት እየገፋች እናንተ መኪና ውስጥ? ሰው ናችሁ?» አለች። ቀጥሎ ጥምጣሙን አየች። «አባቴ፣ እርስዎም?»

ሽምግልና ነው ቢሏት፣ ውርርድ ነው ቢሏት፣ ልጇ ልካን ነው ቢሏት ማን ይስማ? ድንች ሻጮቹ ሁሉ ተነሱ። አላፊ አግዳሚው ቆመ። አንድ ገበሬ፣ በእሱ አገር እንዲህ ያለ ነገር ታይቶ እንደማይታወቅ ተናገረ። የንስሐ አባቴ መቋቋም አልቻሉም፤ በሩን ከፍተው ወረዱ። እሳቸው ወርደው አቶ በቀለ ቢቀመጡ ደግሞ ምን ሊባል ነው? እሳቸውም ወረዱ። ሁለቱ ቀሚሳቸውንና ካፖርታቸውን ሰብስበው ከኋላዬ በእግራቸው ዳገቱን ተያያዙት።

ኦቦ ገመቹ ብቻ ቀሩ፤ መኪናውን ማን ይንዳ? የእሳቸው ግን የባሰ ሆነ። ከዚያ በኋላ ያገኘናቸው ሰዎች የሚያዩት ባዶ መኪና ለብቻው የሚነዳ አንድ ሽማግሌ፣ ከፊቱ በእግራቸው የሚያለከልኩ ካህን፣ ከሁሉም ፊት የምታለቅስ ሴት ነው። በየመቶ ሜትሩ ተሰደቡ። መስኮታቸውን ዘጉ፤ በመስታወቱ ላይ እየመቱ ሰደቧቸው።

እኔ? ሳቅ ገባብኝ። ከሳቁ ጋር ጉልበት መጣ፤ ከየት እንደመጣ የሕክምና ትምህርቴ አያስረዳኝም። ሳልወርድ፣ ሳልገፋ ኢተያ ገባሁ። እነ አቶ በቀለ ዘግይተው ደረሱ፤ ጫማቸውን በእጃቸው ይዘው ነበር። ማንም ስለ ነውር አላነሳም። ውሃ ጠጥተን ቁልቁለቱን ተያያዝነው፣ እኔ በብስክሌቴ፣ እነሱ በመኪናቸው።

ባቱ የደረስኩት ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ነው። የወይኑ እርሻ ዘበኛ ያለ ደብዳቤ ማንም አይገባም አለ። ብርጭቆ ወይን ይዞ የቆመ ሰውማ የለም። በሽቦው በኩል ግን አየሁት፤ አረንጓዴ፣ በመስመር በመስመር፣ እስከ ሩቅ። ሽቦውን ይዤ ቆምኩ። ደስ አለኝ፣ በጣም ደስ አለኝ።

አቶ በቀለ ፍርድ መስጠት አለባቸው፤ እግራቸውን እያሹ ሰጡ። «ሲስተር፣ እርስዎን ከብስክሌት ልናወርድ መጥተን እኛ ከመኪና ወረድን። ብስክሌቷ የእርስዎ ናት።» የንስሐ አባቴ አሜን አሉ። ኦቦ ገመቹ ብስክሌቷን መኪናው አናት ላይ ጫኑና የፊተኛውን በር ከፈቱልኝ። ገባሁ። ውሉ መሄጃውን እንጂ መመለሻውን አይልም፤ እልኸኛ ብሆንም ጅል አይደለሁም።

ታሪኩ እዚህ ቢያልቅ ጥሩ ነበር። ወሬ ግን ከእኛ ቀድሞ አዳማ ገብቷል፤ በመንገድም ላይ ቅርጹን ለውጧል። የሰላም ባልደረቦች የሰሙት እንዲህ ነው፦ ልጅቷ እናቷን ስታከብር፣ ብስክሌት መንዳት ስላማራቸው ከኋላቸው መኪና፣ ካህንና ሁለት ሽማግሌ አሳጅባ ባቱ ወሰደቻቸው። እንዲህ ያለ ልጅ የት ይገኛል ተባለ። የባንኩ ሥራ አስኪያጅ ሳይቀር እጇን ጨበጣት።

ትናንት ሰላም ፊቷ በርቶ መጣች። አዲስ ሄልሜት ይዛልኛለች። እሑድ እሑድ ብስክሌቴን ይዤ በባንኩ በር፣ ሰው በሚያየኝ በኩል ባልፍላት ምን አለበት አለችኝ። ለመነችኝ፣ ጉንጬን ሳመችኝ፣ አጠገቤ ቁጭ ብላ እጄን አሻሸችኝ።

ሄልሜቱን ተቀበልኳት። ለቀረው ሽማግሌ ላኪ አልኳት።